የድልድዩ ጠባቂዎች
የራሜስዋራም ደሴት ታሪክ

በሕንድ አገር ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፥ ከስሪላንካ ፊት ለፊት፥ ፓምባን የተባለ ደሴት ይገኛል። የራሜስዋራም ከተማ የተመሠረተችውም በዚሁ ደሴት ላይ ነው። ሂንዱዎች በሕይወት ሳሉ ሊሳለሟቸው ከሚመኟቸው ከአራቱ ታላላቅ ሥፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ስለ ደሴቱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የቤተ መቅደሱ ግርማና የባሕሩ ዳርቻ ውበት ነው። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የምወደው፥ ተሳላሚው ባሕሩን እንዴት እንደሚሻገርና መንገዱን ማን እንደ ጠበቀለት ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተሳላሚው ከመንገድ እንደ ደረሰ አስቀድሞ የሚሄደው ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ ወዳለው፥ አግኒ ቲርታም ወደሚባለው ጸጥተኛ የባሕር ዳርቻ ነው። በዚያ ከታጠበ በኋላ እርጥብ ልብሱን እንደ ለበሰ ወደ ቤተ መቅደሱ ቅጥር ይገባል፤ በቅጥሩም ውስጥ ካሉት 22 የተቀደሱ ውሃዎች በየተራ እየተቀዳ ይፈስበታል። ከዚህ በኋላ ደረቅ ልብስ ለብሶ ወደ መቅደሱ ያመራል። መቅደሱን የሚከበው በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የውጭው አዳራሽ፥ 1,212 የድንጋይ ዓምዶች በረድፍ የቆሙበት ስለ ሆነ፥ ከአንዱ ጫፍ ቆሞ ወዲያኛውን የሚመለከት ሰው ዓይኑ መድረሻ ያጣል።

በሕንዶች ጥንታዊ ትረካ መሠረት፥ ንጉሥ ራቫና የራማን ሚስት ሲታን ነጥቆ ወደ ላንካ በወሰዳት ጊዜ፥ ራማ ከዚህ ዳርቻ እስከ ላንካ ድረስ በባሕሩ ላይ ድልድይ አሠራ። ዛሬም ከደሴቱ ጫፍ ወደ ስሪላንካ የተዘረጋውን የአሸዋና የድንጋይ ረድፍ፥ ያመኑት የራማ ድልድይ ይሉታል። ራማ ድል አድርጎ ሲመለስ ለሺቫ አምልኮ ሊያቀርብ ፈለገና፥ ሐኑማንን የተቀደሰ ድንጋይ እንዲያመጣ ወደ ሩቅ ተራራ ላከው። መልእክተኛው ቢዘገይ ሲታ ከአሸዋ አንድ ምስል ሠራች። ሐኑማን በደረሰ ጊዜ ግን ራማ ድካሙ ከንቱ እንዳይቀር፥ እርሱ ያመጣው ድንጋይ አስቀድሞ እንዲከበር አዘዘ ይባላል። ሥርዓቱም እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ይኖራል።

ከትረካው ወደ ታሪክ ስንመለስ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ደሴቱ የሚወስደው መንገድ ሽፍታ የበዛበት ነበር። ስለዚህ የማዱራይ ገዢ ለራምናድ አለቆች ተሳላሚውን የመጠበቅ ኀላፊነት ሰጣቸው። የማዕረግ ስማቸውም ሴቱፓቲ ነበረ፤ ትርጓሜውም የድልድዩ ጌታ ማለት ነው። የዚህ ሹመት ክብር ከግዳጁ የመጣ ነው፤ መንገደኛው በሰላም ደርሶ በሰላም ካልተመለሰ ስሙ ባዶ ይሆናልና።

በ1914 የምድር ባቡር ድልድይ በባሕሩ ላይ ተሠርቶ ተከፈተ። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ መርከብ ሲመጣ መካከሉ ይከፈት ነበር። ሐዲዱም እስከ ደሴቱ ጫፍ እስከ ዳኑሽኮዲ ከተማ ይደርስ ስለ ነበር፥ መንገደኛው ከማድራስ በባቡር መጥቶ በዚያ በመርከብ ወደ ስሪላንካ ይሻገር ነበር።

ይሁን እንጂ በዲሴምበር 22 ቀን 1964 ሌሊት ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ። ወደ ዳኑሽኮዲ ይጓዝ የነበረውን ባቡር ከ100 ከሚበልጡ መንገደኞቹ ጋር ማዕበል ዋጠው፤ በሕይወት የተረፈም አልነበረም። ከተማይቱ ፈረሰች፤ መንግሥትም ለመኖሪያ የማትበቃ ናት ሲል ዐወጀ። ከድልድዩም አብዛኞቹ የብረት አግዳሚዎች ባሕር ውስጥ ወደቁ፤ ደሴቱም ከየብስ ተቈረጠ።

ድልድዩን እንዲጠግን የታዘዘው ሥሪድሃራን የተባለ የ32 ዓመት የምድር ባቡር መሐንዲስ ነበር። ለሥራው ስድስት ወር ተወሰነ፤ የበላዩ አለቃ ደግሞ ወደ ሦስት ወር አሳጠረው። መሐንዲሱ ግን የሰጠሙትን አግዳሚዎች ከባሕር እያስወጣ እንደ ገና በቦታቸው በማስገባት በ46 ቀን ፈጸመው። ኋላ የኮንካንን የምድር ባቡርና የዴልሂን የከተማ ባቡር ሥራ የመራው ይኸው ሰው ነው።

አሮጌው ድልድይ ስላረጀ በዲሴምበር 2022 የባቡር ጉዞ ቆመበት፤ በጎኑ የተሠራው አዲሱ ድልድይም በኤፕሪል 2025 ተመረቀ። ዛሬ ዳኑሽኮዲን የሚጐበኝ ሰው የሚያገኘው ውብ የባሕር ዳርቻ፥ ጣራ አልባ የቤተ ክርስቲያንና የባቡር ጣቢያ ፍርስራሽ፥ የጥቂት ዓሣ አጥማጆችም ጎጆዎች ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ቤተ መቅደሱ የሚታወቀው በዓምዶቹ ነው። ነገር ግን መሻገሪያው ሲጠፋ እነዚያ ዓምዶች ሳይናጉ ቆመው ሳለ ተሳላሚው ከባሕሩ ማዶ ቀርቶ ነበር። ሴቱፓቲ የሚለው ማዕረግ ለአለቆች የተሰጠ ቢሆንም፥ በ1965 መጀመሪያ ለእነዚያ 46 ቀናት ሥራውን የሠራው አንድ የምድር ባቡር ሠራተኛና ጓደኞቹ ናቸው። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ባሕሩን የሚሻገር ተሳላሚ ስማቸውን አይጠይቅም፤ እነርሱም ይህን ሳይጠብቁ ሠርተዋል።