የኤሌክትሪክ ቾክ

የኤሌክትሪክ ቾክ በካርቡሬተር በሚሠሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየር ቀንሶ የቤንዚኑን ድርሻ የሚያበዛ፣ ሲሞቅ ደግሞ በራሱ የሚከፈት መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ላይ ቾኩን ሾፌሩ በእጁ ይስበዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የቮልስዋገን ቢትል መኪኖች ላይ ግን ይህን ሥራ ኤሌክትሪክ ይሠራዋል።

አሠራር

በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ያለችው ቀጭን ክዳን ከሁለት ዓይነት ብረት ከተሠራ ጥቅልል ስፕሪንግ ጋር ተያይዛለች። ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ በስፕሪንጉ አጠገብ ያለውን ማሞቂያ ያግላል፣ ስፕሪንጉ ሲሞቅ ቅርፁን ይለውጣል፣ ክዳኗም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትከፈታለች።

ከፍታና ቾክ

አየር ከፍ ባለ ቦታ ይሳሳል። በፎገራ ሜዳ ላይ ባለችው ወረታ፣ ማለትም በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ጠለል ይልቅ በስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ወደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ሲወጣ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ስለዚህ በደጋ ቤንዚኑ አስቀድሞም ይበዛል፤ ሳይከፈት የቀረ ቾክ ሲጨመርበት መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ትርፉ ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት ስለሚያጥብ ሞተሩን ያስረጃል።

ምርመራ

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አውርዶ የቤንዚን ፔዳሉን አንድ ጊዜ መርገጥ፤ ክዳኗ መዘጋት አለባት።
2. ሞተሩን አስነስቶ መጠበቅ፤ ክዳኗ ቀስ በቀስ ቀጥ ብላ ካልቆመች ብልሽት አለ።
3. ወደ ቾኩ የሚመጣውን ሽቦ በመፈተሻ አምፑል መፈተሽ። ቁልፉ ተከፍቶ አምፑሉ ካልበራ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ላልቷል። በቢትል ላይ ሽቦው የሚመጣው ከኮይሉ ፖዘቲቭ ጫፍ ነው።
4. አምፑሉ በርቶ የቾኩ ቆብ ካልሞቀ ማሞቂያው ተቃጥሏል ወይም ማሳው አይደርስም።
5. ቆቡ ሞቆ ክዳኗ ካልተንቀሳቀሰች ዘንጓ በአቧራና በቤንዚን ሙጫ ተይዟል፣ ወይም ስፕሪንጉ ከመንጠቆው ወጥቷል። ዘንጓን በካርቡሬተር ማጽጃ ማጠብ ይገባል፤ ዘይት መቀባት አቧራ ይሰበስባል።

ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘት ስሕተት ነው፤ መኪናው ቆሞ ባትሪ ይጨርሳል፣ ጧትም ቾኩ ተከፍቶ ይገኛል። የቆዩ ቢትሎች በ6 ቮልት ስለሚሠሩ የእነርሱ ቆብ በ12 ቮልት መኪና ላይ ከተገጠመ ይቃጠላል።

ማስተካከል

ቆቡን የያዙት ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ ከመላላታቸው በፊት የነበረበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። መነሻው የቆቡ ጭረት ከመካከለኛው ምልክት ጋር ሲገጥም ነው።

ቾክ ያልሆነ ብልሽት

ሞተሩ ሞቆ ክዳኗ ሙሉ በሙሉ ተከፍታ ጥቁሩ ጭስ ካልቆመ ጥፋቱ የቾክ አይደለም፤ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ፣ የማይዘጋ የቤንዚን መርፌ ወይም ለከፍታው የበዛ ጂግለር ሊሆን ይችላል። ቾኩን መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥንቃቄ

በምርመራ ጊዜ ካርቡሬተሩ እሳት ሊተፋ ስለሚችል ፊትን ማራቅ፣ ሞተሩንም በተዘጋ ቤት ውስጥ አለማስነሳት ይገባል፤ ጭሱ ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል።