ከዐሥር ቀን በኋላ የመጣችው አሜሪካ

እስቲ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ መሽጎ የቆየው የጄኔራል ናሲ ጦር እጁን ሰጠ። ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሐርበርን ደበደበች፤ አሜሪካም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። በመካከላቸው ያለው ዐሥር ቀን ብቻ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው አምስት ዓመት የተዋጋው ጦርነት ሲያበቃ፣ የአሜሪካ ጦርነት ገና አልተጀመረም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን በራሳችን አቆጣጠር ነው የምንሰጠው።)

ይህን የምናነሣው አሜሪካን ለመውቀስ አይደለም። የኢትዮጵያና የአሜሪካ ወዳጅነት በተወሳ ቁጥር «ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ» የሚል ነገር ይከተላል። ይቆጠር እንጂ፣ ማን ማንን መቼ እንደፈለገ ካልተነገረ ዓመቱ ብቻውን ምን ይነግረናል? እኛ ግን ነገሩን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጉና ተራራ ማዶ፣ ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሆነን ብናየው ሌላ መልክ አለው እንላለን።

አሜሪካ ከባሕር ማዶ ግዛት መያዝ የጀመረችው ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1890 ከስፔን ጋር ተዋግታ ፊሊፒንስን፣ ጉዋምንና ፖርቶሪኮን ወሰደች፤ ሐዋይንም በዚያው ዓመት ጠቀለለች። ወደ እኛ ግን የመጣችው በመድፍ ሳይሆን በጨርቅ ነበር። በ1896 ሮበርት ስኪነር የተባለ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ የአሜሪካ ፋብሪካዎች አቡጀዲ በአገሪቱ ገበያዎች ዋነኛው የውጭ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። ሸቀጡ ከመንግሥቱ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ፈላጊዋ ኢትዮጵያ፣ ተፈላጊዋ አሜሪካ ሆኑ። ራስ ተፈሪ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ድንበር ይገፋል። ስለዚህ ድንበር የማይጋራን ሩቅ ኃያል አገር መፈለግ አለበት። በ1920 ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር የጣና ግድብን ጉዳይ አነጋገሩ። ኩባንያው መሐንዲሶቹን ልኮ ጣናን አስጠናም። ከእስቴና ከፋርጣ ጉና ላይ ቆሞ ለሚያይ ጣና ሩቅ አይደለም። ግድቡ ግን አልተሠራም።

ሁለተኛው ሙከራ ይበልጥ ያስገርማል። ነሐሴ 1927 የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ተከማችቷል። ንጉሠ ነገሥቱ የአገሪቱን ግማሽ ያህል ለነዳጅ ፍለጋ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ ሰጡ፤ ከሪኬት ጀርባ ያለው ግን አሜሪካዊ የነዳጅ ኩባንያ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። አሜሪካ እዚህ ንብረት ካላት ንብረቷን ትጠብቃለች። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 25 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገለልተኝነቱን ሕግ ፈረሙ። የዋሽንግተን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ኩባንያውን ጠርቶ አስጨነቀው፤ ውሉ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ጣሊያን መረብን ተሻገረች።

የገለልተኝነቱ ሕግ ለሁለቱም ተዋጊዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ይከለክላል። እኩል ይመስላል። ነገር ግን የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ ላለውና ለሌለው እኩል ክልከላ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ነዳጅ ደግሞ በክልከላው ውስጥ አልተካተተም። ዋሽንግተን ነጋዴዎቿን ብትለምንም፣ በእነዚያ ወራት ለጣሊያን የተሸጠው የአሜሪካ ነዳጅ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም የነዳጅ ማዕቀብ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «አሜሪካ ካልተባበረች ምን ዋጋ አለው» እያለ ጊዜ ፈጀ።

ፍርድ ላለማጓደል ሌላውንም እንበል። አሜሪካ የጣሊያንን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት አልተቀበለችም። እንግሊዝ በ1931 ስትቀበል እንኳን እሷ አልተቀበለችም፤ ይህንን ካላደረጉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ከመንግሥቱ ይልቅ ደግሞ ሕዝቧ፣ በተለይ ጥቁሮቹ አሜሪካውያን፣ ብዙ አድርገዋል። ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሟል። ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቁመው ሲያሰባስቡ የነበሩት ሳንቲም ከሐርለም ድሆች ኪስ የወጣ ነው።

ወደ ጋይንት እንመለስ። በእነዚያ አምስት ዓመታት በጌምድር ውስጥ አርበኛው መሣሪያ የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ፣ ከባንዳ ነጥቆ ነበር። ስንቁ የገበሬው ጎተራ ነው። መደበቂያው የጉና ብርድ፣ የበሽሎና የዓባይ በረሃ። በሰኔ 1933 ደብረ ታቦር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጅ ሲሰጥ የአካባቢው ሰው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ ተዋግቷል፤ ቀጥሎ ወልቀፊት በርና ቁልቋል በር መጡ፤ በመጨረሻም ጎንደር። ስለዚህ «ተባባሪ ኃይሎች ነፃ አወጡን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሲነገር እዚህ አገር ያለ ሽማግሌ ፈገግ ቢል አንፈርድበትም። ከተባባሪዎቹ ትልቋ ገና ከቤቷ አልወጣችም ነበር።

ስትወጣስ? መጀመሪያ የደረሰችው ኤርትራ ነው። በ1934 አጋማሽ አሜሪካውያን ጉራ ላይ የእንግሊዝን አውሮፕላኖች የሚጠግን ጣቢያ ከፈቱ፤ ምጽዋ ወደብ ላይ ጣሊያኖች ያሰጠሟቸውን መርከቦች ማውጣት ያዙ። በ1935 ደግሞ አሥመራ ላይ ጣሊያኖች ትተውት የሄዱትን ራዲዮ ማሪና የተባለ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ተረከቡ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ጣቢያ ነው። አሥመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ለምድር ወገብም ስለምትቀርብ የሬዲዮ ሞገድ ብዙም ሳይታወክ ይደርሳታል። ለሩቅ ጠላት ወሬ ማድመጫ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አሜሪካ ከእኛ የፈለገችው ወርቅ ወይም ቡና አልነበረም፤ ከፍታ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን የተረዱት ቶሎ ነው። የካቲት 6 ቀን 1937 በአሜሪካ አውሮፕላን ወደ ግብፅ ሄደው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሩዝቬልትን አገኙ። ኤርትራን፣ የባሕር በርን፣ ኦጋዴንንና የባቡሩን ጉዳይ አነሡ። እንግሊዞቹ ደስ አላላቸውም፤ ቸርችል ራሳቸው በቀናት ውስጥ ካይሮ ላይ ንጉሡን አነጋገሩ። ዐሥር ዓመት ቀድሞ በሩ የተዘጋባቸው ሰው አሁን ሁለት ኃያላን ይሽቀዳደሙባቸው ጀመር። የተለወጡት እሳቸው አይደሉም፤ ጦርነቱ ዓለሙን ለወጠው እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት የሚነገር ነው። በ1938 ከቲ. ደብልዩ. ኤ. ጋር በተደረገ ውል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከጦርነቱ በተረፉ አውሮፕላኖች በረራ ጀመረ። በሚያዝያ 1943 ቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ መርከብ ወደ ኮሪያ ተሳፈረ፤ ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወደቁ፣ አንድም ግን አልተማረከም። ኤርትራ በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ አሜሪካም ይህን ደግፋለች። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዋሽንግተን ላይ የጦር ሠፈሩና የወታደራዊ እርዳታው ውል ተፈረመ። የአሥመራው ሠፈር «ቃኘው» ተባለ፤ የራስ መኮንን ፈረስ ስም፣ በኮሪያ ዘማቾች በኩል ዞሮ፣ የአሜሪካ ማድመጫ ጣቢያ መጠሪያ ሆነ። ለዚህ ኪራይ የተከፈለው በአብዛኛው በጠመንጃና በአውሮፕላን ነው። አሜሪካ በዚያ ዘመን ለአፍሪካ ከሰጠችው ወታደራዊ እርዳታ ግማሽ ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ለስማዳ ገበሬ ምን አመጣለት? እውነቱን ለመናገር ጥቂት። ከጥቂቱ ውስጥ ትልቁ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ በ1947 ከአሜሪካ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ እርዳታ ጋር ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን ወደ ገጠር ማሰማራት ጀመረ። ይህን ማንም አይክድም። መንገዱን ብንወስድ ግን ሌላ ነው። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ያደራጁት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ፤ ጋይንትን ከወልዲያና ከወረታ ጋር ያገናኘውን መንገድ የሠሩት ግን ቻይናዎች ናቸው። ንጉሡ በ1964 ቤጂንግን ጎብኝተው ሲመለሱ ከመጣው እርዳታ ነው፤ ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው። እስከ ዛሬም በነፋስ መውጫ በኩል የሚያልፈው መንገድ «የቻይና መንገድ» ይባላል።

ዓባይንም አጥንተውታል። ግብፅ ለአስዋን ግድብ ፊቷን ወደ ሞስኮ ባዞረችበት ጊዜ የአሜሪካ የመሬትና ውኃ ቢሮ በ1950 ገደማ የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመረ፤ በ1956 በ17 ጥራዝ አወጣው። ከእስቴና ከስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርደው ውኃና አፈር የዚሁ ተፋሰስ አካል ነው። ጥናቱ 33 የመስኖና የኃይል ፕሮጀክቶችን ዘርዝሯል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ዛሬም ባለሙያዎች ይጠቅሱታል። ግን ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ለዐሥርት ዓመታት ወረቀት ላይ ቀሩ። ናስርን ማስፈራሪያ እንዲሆን ብቻ ነው የተጠናው የሚሉ አሉ፤ እኛ እስከዚያ አንሄድም። ናስር ባይኖር ግን በዚያ ሰዓት ይጠና ነበር ብለንም አናምንም።

ሳተላይት ሲመጣ የአሥመራ ከፍታ ዋጋው ወደቀ። አሜሪካውያን ሠፈሩን አስቀድመው ማሳነስ ጀምረው ነበር፤ ሚያዝያ 1969 ደርግ ዘግታችሁ ውጡ ሲላቸው የቀረው ጥቂት ሰው ነበር። ሁለቱ መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም ተጣሉ ይባላል፤ ተጣልተዋልም። ነገር ግን ጣቢያው እንደ ድሮው ቢፈለግ ኖሮ ጠቡ እንዲህ በቀላሉ ያበቃ ነበር?

አሜሪካ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ በእርግጥ የገባችው ከዚህ በኋላ ነው፤ በስንዴ። ሕጉ ከ1946 ጀምሮ አለ፤ የአሜሪካ ገበሬ ያመረተው ትርፍ እህል ለውጭ አገር እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ብዙ እህል መጣ። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር ደግሞ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በአሜሪካ ገንዘብና እህል ከሚረዱት ወረዳዎች መካከል ሆኑ። አርበኞቹ ያለ አንድ የአሜሪካ ጥይት የተዋጉበት አገር፣ የልጅ ልጆቻቸው የተጨባበጡ እጆች የታተመበትን ማዳበሪያ ተሸክመው ከማከፋፈያ የሚመለሱበት ሆነ። ይህን ስንጽፍ ተረጂውን ለማሳፈር አይደለም። መሬቱ ተራቁቷል፣ ዝናቡ ይቀራል፣ የተራበ ሰው ደግሞ የስንዴውን ዘር አይመርጥም።

በጥር 2017 አዲሱ የዋሽንግተን አስተዳደር የውጭ እርዳታን አገደ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ዩኤስኤይድ የተባለው ድርጅት ራሱ ሥራውን አቆመ፤ የቀረው ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ተዛወረ። ምክንያቱ ከእኛ ጋር የተያያዘ አልነበረም። እንደ 1927ቱ ሁሉ የተወሰነው እዚያው፣ በእነሱ የቤት ጉዳይ ነው።

የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ጉልበት ካለው ስንዴውን የሚያገኘው ሠርቶ ነው። እርከን ይሠራል፣ ድንጋይ ይክባል፣ የቀበሌ መንገድ ይጠርጋል። ስንዴው ተበልቷል። እርከኑ ጋይንትና ስማዳ ተዳፋቶች ላይ አሁንም አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ በሽሎ ሊወርድ የነበረውን አፈር ያዝ ያደርጋል።