የሚለቀለቅ መደብ፣ የማይታደስ ወንበር

በአዊ ዞን መቀመጫን ማጽዳት ለረጅም ዘመን ማደስ ነበር። የቆሸሸው ገጽ በአዲስ ይሸፈናል፣ ይፋቃል ወይም ይለወጣል እንጂ እንደ ልብስ ታጥቦ እንዲኖር አይጠበቅም ነበር። ዛሬ በእንጅባራና በዳንግላ በሻይ ቤት በረንዳ፣ በሠርግ ዳስና በለቅሶ ድንኳን የሚታየው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ግን የሚታደስ ገጽ የለውም። አድፎ የሚቀረው ሰዉ ንጽሕና ስለማይወድ አይደለም፤ ለጭቃ፣ ለእንጨትና ለቀርቀሃ የተፈጠረው የጽዳት ልማድ ሳይለወጥ ወደ ፕላስቲክ ስለተሻገረ ነው።

ከሁሉም ቀዳሚው መደብ ነው። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መደብ ሲቆሽሽ አይታጠብም፤ ይለቀለቃል። ሴቶች እበትና አፈር በውሃ ለውሰው፣ ከጠርዙ ጀምረው በመዳፋቸው እየዳበሱ ስስ አድርገው ይቀቡታል። ስንጥቁ ይደፈናል፣ የተሸራረፈው ይሞላል፣ ሲደርቅም ገጹ አዲስ ይሆናል። ሥራው የራሱ ቀን አለው፤ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ቤቱ ይለቀለቃል፣ መደቡ ላይ የሚነጠፈው አጎዛም ወጥቶ ይራገፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዋንዛ የሚጠረበው ዱካ ደግሞ በአመድና በአሸዋ ቢፈተግ ይችላል፤ ቢፋቅ ከሥሩ የሚወጣው ያው እንጨት ነውና። ጠንክሮ መፈተግን ከንጽሕና ጋር ያቆራኘው ይህ ልምድ ነው።

ቀርቀሃም ከዚህ አይርቅም። የእንጅባራ ደጋ ዝናባም በመሆኑ ቀርቀሃ በየጓሮው ይበቅላል፤ አጥሩ፣ የቤቱ ግድግዳና ቅርጫቱ ከእሱ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ መንገድ ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ ለመንገደኛም የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ባለሙያው የሚመርጠው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላውን ነው፤ ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባዋል። የቀርቀሃው የላይኛው ልባስ ልሙጥና ጠንካራ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ይጠራል፤ አንድ ስንጣቂ ሲሰበር ደግሞ ተነቅሎ ሌላ ይገባበታል። ዝናብ ላይ ግን አያድርም። እዚህም ቢሆን ጽዳትና ጥገና አንድ ሥራ ናቸው።

ይህን ሁሉ የለወጠው ፕላስቲክ ነው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ማሶኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ወንበር፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ገብቶ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣ ነበር። ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ዘዴ ነው፤ ወንበሩ ብሎን የለው፣ ምስማር የለው፣ ተነቅሎ የሚለወጥ አካል የለው። ቀላል ነው፣ ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ዝናብም አያበሰብሰውም፤ ለእድር ዕቃ ቤት ከከባዱ አግዳሚ ወንበር ይልቅ የተመቸው ለዚህ ነው። ጠላቱ ግን ፀሐይ ነች። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው እንጅባራ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነው። ጨረሩ ፕላስቲኩን ከላይ ጀምሮ ይሰባብረዋል፤ አንጸባራቂው ገጽ ይደበዝዛል፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ኖራ ይለቃል፣ በዓይን የማይለዩ ስንጥቆችም ያወጣል። በእነዚህ ስንጥቆች ቀዩ አፈር፣ በዞኑ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ዛፍ የሚከስለው ከሰል ብናኝ፣ በክረምትም አረንጓዴው ሻጋታ ይሰገሰጋል። አመድ፣ አሸዋ ወይም የብረት ሽቦ ይዞ የሚፈትግ እጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወንበሩ ለዕለቱ ይነጣል፤ እያንዳንዱ ጭረት ግን ለነገው እድፍ ማደሪያ ይሆናል።

«ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሲያረጅ ይጣል» የሚል ይኖራል። የት ይጣላል? መደብ ቢፈርስ አፈር ይሆናል፣ ቀርቀሃ ቢሰበር ምድጃ ይገባል። ፕላስቲክ ግን አይበሰብስም፣ በግቢ ሲቃጠልም ጭሱ ጤና ይጎዳል። የእድር ወንበር የተገዛውም ከአባላት በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ ቶሎ መጣሉ ሌላ መዋጮ ይጠራል። «እንግዲያው ወደ ቀርቀሃው እንመለስ» ለሚሉትም መልሱ አጭር ነው። ቀርቀሃ ለቤት ውስጥ ያማረ መቀመጫ ነው፣ ሙያውም ሊደገፍ ይገባዋል፤ ክረምት ከበጋ ደጅ የሚውለውንና ለመቶ ለቀስተኛ የሚዘረጋውን ወንበር ግን አይተካም። ሦስተኛው ተቃውሞ የቀደመው ልማድ ለዚህ ዘመን ዕቃ ምንም አያስተምርም የሚል ነው፤ ይህም ልክ አይደለም። እንዶድ ምስክር ነው። ሳይፈትግ እድፍ የሚያስለቅቅ አረፋ እንዳለው እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ተክሉ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የደረሱበት ከዚሁ ልማድ ተነስተው ነው። ከጥንቱ ሙያ ለፕላስቲክ የሚስማማው ይህ የአረፋው ጥበብ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው፦ የማይታደስ ገጽ መጠበቅ አለበት። የፕላስቲክ ወንበር በለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይራስ፣ እድፉ እስኪለቅ ጥቂት ይቆይ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይታሸት፣ በየጎድጓዳው ያለው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ጥላ ላይ ይድረቅ። ለአረንጓዴው ሻጋታ በብዙ ውሃ የቀጠነ በረኪና ይበቃል፤ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይገባም። ከሁሉም በላይ ወንበሩ ሥራ በሌለው ቀን ከጣሪያ ሥር ይግባ። የእንጅባራና የዳንግላ እድሮች ቤት በሚለቀለቅበት በዚያው የበዓል ዋዜማ አንድ ቀን ለወንበሮቻቸው ቢመድቡ፣ የአያቶቻቸውን ጊዜ ጠብቆ የማጽዳት ልማድ ይዘው አሸዋውንና ሽቦውን ብቻ ይተዋሉ።