የነባር ሶፍትዌር ሽግግር

የነባር ሶፍትዌር ሽግግር ማለት ለረጅም ዓመታት ያገለገለን የድርጅት ፕሮግራም ከተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ሌላ፣ ስሕተትን ቀድሞ ለመያዝና ለመጠገን ወደሚመች ቋንቋ የማዛወር ሥራ ነው። በብዛት የሚካሄደው በባንክ፣ በመድን፣ በግብርና በደመወዝ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ከባዱ ነገር አዲሱን ቋንቋ መማር ሳይሆን አሮጌው ፕሮግራም የሚሠራውን ሁሉ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ብዙው የአሠራር ደንብ በሰነድ ሳይሆን በኮዱ ውስጥ ብቻ ይገኛልና።

ምክንያቶች

በ1959 እ.ኤ.አ. መዘጋጀት የጀመረው ኮቦል ዛሬም በብዙ የዓለም ባንኮች ይሠራል። ቋንቋውን የሚያውቁ ባለሙያዎች በጡረታ ሲለዩ ግን ፕሮግራሙን የሚያስተካክል ሰው ይጠፋል። እንደ ጃቫ ያሉ ቋንቋዎች የዳታ ዓይነት ስሕተትን ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ይይዛሉ። ራስት ደግሞ በሜሞሪ አጠቃቀም ላይ የሚፈጠሩ ብዙ ስሕተቶችን ገና በኮምፓይለሩ ያግዳል። ሆኖም ወለድ በተሳሳተ ቀመር ቢሰላ የትኛውም ኮምፓይለር አይነግርም።

ዘዴዎች

* እንደገና መጻፍ፦ ፕሮግራሙ ከመሠረቱ በአዲስ ቋንቋ ይጻፋል። ንጹሕ ኮድ ያስገኛል፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ የተረሱ ደንቦችም ይጠፋሉ።
* በመሣሪያ መተርጎም፦ ልዩ ፕሮግራም አሮጌውን ኮድ ወደ አዲሱ ቋንቋ ይለውጣል። አሠራሩ ሳይለወጥ ይተላለፋል፤ የአሮጌው ኮድ መወሳሰብም አብሮ ይተላለፋል።
* ደረጃ በደረጃ መተካት፦ አዲሱ ፕሮግራም የአሮጌውን ሥራ ክፍል በክፍል ይረከባል። ማርቲን ፋውለር በ2004 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ቀስ በቀስ ከሚተካው የበለስ ዛፍ ጋር አመሳስሎታል።

በየትኛውም ዘዴ ሁለቱን ፕሮግራሞች በአንድ ዓይነት መረጃ ጎን ለጎን አሠርቶ ውጤታቸውን ማነጻጸር የተለመደ ነው።

የገንዘብ ስሌት

ኮቦል ገንዘብን በአሥርዮሽ ቁጥር በትክክል ያሰላል። በጃቫ ግን ፕሮግራመሩ ተራውን የነጥብ ቁጥር ከተጠቀመ 0.1 ሲደመር 0.2 ውጤቱ 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሒሳቦች ሲደመሩ መዝገቡ አይዘጋም። ስለዚህ ለገንዘብ የተዘጋጀውን የአሥርዮሽ ቁጥር ዓይነት መጠቀም ወይም ሒሳቡን በሳንቲም በሙሉ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና የባንክ ሥርዓት ቲ24 የተባለው የስዊዘርላንዱ ቴመኖስ ኩባንያ ምርት ነው። የቲ24 ኮድ በአብዛኛው የተጻፈው ከቤዚክ ቋንቋ በተገኘው ጄቤዝ ቤዚክ ነው። ኮዱ ቀድሞ በሲ ቋንቋ በኩል ይሠራ ነበር፤ በኋላ ኩባንያው ወደ ጃቫ የሚተረጉም መሣሪያ አዘጋጀ። በዚህ መንገድ አንድ ባንክ ለራሱ የጨመራቸውን ፕሮግራሞች በብዛት ሳይጽፍ ማዛወር ይችላል፤ የኮምፒውተሩን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወይም የሲ ፕሮግራሞችን በቀጥታ የሚጠሩት ግን መስተካከል አለባቸው።

በአገሪቱ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች ሽግግሩን ያከብዱታል።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። አሮጌ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አዲሱ ቋንቋ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ከፈተሸው ግን ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበላትም። ጥቅምት 30ም ሁለተኛው ወር ላይ ስለሚውል እንደ ፌብሩዋሪ 30 ተቆጥሮ ይወድቃል። አስተማማኙ መንገድ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር አስቀምጦ ለተጠቃሚው ሲታይ መለወጥ ነው። ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመትም ለብቻው መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የፎንት አዘጋጆች የግዕዝ ፊደላትን በየራሳቸው ቅደም ተከተል በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ዳታቤዝ ያለ የደንበኛ ስም ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ጽሑፍ ይመስላል። ለየፎንቱ የመለወጫ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዓምድ ከተቀላቀሉ ደግሞ አንዳንዱን ስም በሰው ዓይን መለየት ግድ ይሆናል።

አደጋዎች

በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ የደንበኞቹን ሒሳብ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር 1.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ሒሳባቸውን መጠቀም አልቻሉም። ባንኩ በ2022 እ.ኤ.አ. 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ በሥርዓት ማሻሻያ ሥራ የተፈጠረ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበር፣ ያላግባብ የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጿል፤ አብዛኛው ገንዘብ በኋላ ተመልሷል። ክስተቱ የቋንቋ ሽግግር ባይሆንም፣ ሥራ ላይ ባለ የባንክ ሥርዓት የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ አስቀድሞ መሞከርና ችግር ሲፈጠር ወደ ቀድሞው የሚመለስበት መንገድ ሊኖረው እንደሚገባ አሳይቷል።