አጥር የሌለው የወይን ቦታ

በዚህ ጽሑፍ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ጌም ነው። «ይኸው፣ ጌም ተዉ ሊለን ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። የምነግራችሁ ጌም በሰው መዋጮ እንዴት እንደተሠራ፣ ከተሠራም በኋላ ለምን ሳይቆለፍ እንደተለቀቀ ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም የሚጠይቀው ጥያቄ የእኛ ቤት ጥያቄ ነው። እኔን የጠየቀኝ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ ሱቅ በር ላይ ነበር።

ያደግሁት ጠመንጃ ያዥ ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ብዙዎቹ ሰፈሮቿ በመኳንንቱ ስምና በሠራዊቱ የሥራ ድርሻ ይጠሩ ነበር፤ የሰፈራችንም ስም ያንን ዘመን ያስታውሳል። እኔ ግን በልጅነቴ ሰፈሩን የማውቀው በፕሌይስቴሽን ቤቱ ነው። እዚያ የነበሩት ዲስኮች በሙሉ የተገለበጡ ነበሩ። ኦሪጅናል ዲስክ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም ነበር። በኋላ ቤታችን ኮምፒውተር ሲገባ ፍላሽ ይዤ እየሄድኩ ጌም ማስጫን ጀመርኩ። ከጌታ ጋር ከተገናኘሁ በኋላም ይህ ነገር አንድም ቀን ለንስሐ አላንበረከከኝም።

ዓመታት አለፉና የኅብረታችን መዘምራን አልበም ለማውጣት ተነሡ። ሦስት ዓመት አዋጣን። ከደመወዙ የሰጠ ነበር፤ ከታክሲ ገንዘቧ ቀንሳ፣ በእግሯ እየሄደች የሰጠች እህትም ነበረች። አልበሙ በወጣ በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ በፍላሽ እየጫነ ሲሸጠው ሰማን። ተቆጥቼ ሄድኩ። ልጁ ግን አልደነገጠም። ቀና ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ አንተም እኮ ከእኔ ጌም ታስጭን ነበር» አለኝ። የምመልሰው አጥቼ ወጣሁ። ይህን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ቁልፉ እንዴት መጣ?

ጌም መገልበጥ የጀመረው በእኛ ሰፈር አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጌም በፍሎፒ ዲስክ ሲሸጥ፣ ባዶ ዲስክ ያለው ሁሉ ለጓደኛው ይገለብጥ ነበር። ሠሪዎቹም መከላከያ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ዌስትላንድ የተባለው ጌም ከቁጥር የያዙ አንቀጾች መጽሐፍ ጋር ይሸጥ ነበር። ጌሙ በየመሐሉ «እንዲህ የሚለውን ቁጥር አንብብ» ይላል፤ መጽሐፉ የሌለው ሰው ታሪኩን መከተል ይቸግረዋል። ሳይታዘዝ ዝም ብሎ የሚያነብን ሰው ለማሳሳትም የሐሰት አንቀጾች ተጨምረውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ማንኪ አይላንድ ደግሞ ከካርቶን የተሠራ ክብ ነገር ነበረው። ክቡን አዙረህ የባሕር ወንበዴ ፊት ታገጣጥማለህ፣ ከሥሩ የሚታየውን ዓመት ታስገባለህ፣ ጌሙም ይከፈትልሃል። ከዚያ ጌም ጸሐፊዎች አንዱ ቲም ሼፈር የሚባል ወጣት ነበር። ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ ቁልፉም ከበደ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖር የተባለው ጌም ሲወጣ ገዢው ሊጭነው የሚችለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰዎች በአማዞን ላይ ዝቅተኛውን ነጥብ እየሰጡ ቁጣቸውን ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሳሲንስ ክሪድ 2 በኮምፒውተር ሲወጣ ለብቻ የሚጫወት ሰው እንኳ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ መጫወት አይችልም ነበር። በዚያው ማርች ወር የኩባንያው ሰርቨር ለሰዓታት ሲቋረጥ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙ ሰዎች የገዙትን መክፈት አቃታቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ ለኖርን ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ቁልፉ በጣም ያስቸገረው የገዛውን ሰው ነው። የሰረቀው ቁልፉ የተሰበረለትን ቅጂ ይዞ በሰላም ይጫወታል። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሌባውን በጓሮ አሳልፎ የቤቱን ልጅ መታወቂያ ሲጠይቅ እንደ ማለት ነው።

ከገበያ የተነሡት ሁለት ጓደኞች

ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ፖላንድ ውስጥ እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በግልጽ የሚጠብቅ የቅጂ መብት ሕግ አልነበረም። ዋርሶ ከተማ ውስጥ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ የተገለበጠ ጌም የሚሻሻጡበት ገበያ ነበር። በዚያ ገበያ ያደጉት ማርቺን ኢቪንስኪና የትምህርት ቤት ጓደኛው ሚሃው ኪቺንስኪ በ1994 ሲዲ ፕሮጄክት የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ባልደርስ ጌት የተሰኘውን ትልቅ ጌም ወደ ፖላንድ ቋንቋ አስተርጉመው ሲያወጡ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ገበያው ላይ በርካሽ የሚገኘውን ሰው ለምን ከእነሱ በውድ ይገዛል? መልሳቸው ቁልፍ መጨመር አልነበረም። በሳጥኑ ውስጥ ካርታ፣ የመመሪያ መጽሐፍና የሙዚቃ ሲዲ ጨመሩ፤ የታወቁ የአገራቸውን ተዋንያን ድምፅ አስገቡበት። ሰውም ገዛ።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ጎግ የተባለውን የጌም መደብር ከፈተ። በዚያ የሚሸጥ ጌም ቁልፍ የለውም፤ አንዴ ከገዛኸው ያለ ኢንተርኔት በፈለግኸው ኮምፒውተር ትጭነዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዊቸር 3 የተባለውን ትልቁን ሥራቸውን ሲያወጡም በጎግ ላይ ያለ መከላከያ ለቀቁት። ግን ጻድቅ አድርጌ አልሥልላችሁም። ከዚያ በፊት በነበረው ጌማቸው ጊዜ በጀርመን አገር ገልብጠዋል ለተባሉ ሰዎች የካሳ ጥያቄ ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ንጹሐንም ሊነኩ ይችላሉ የሚል ተቃውሞ ሲበዛ በ2012 መጀመሪያ አቆሙት። ሰውን ማመን በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር አይደለም።

መዋጮው

አሁን ወደ ቲም ሼፈር እንመለስ። አድጎ ደብል ፋይን የተባለ የራሱን ድርጅት መሥርቷል። ነገር ግን እሱ በልጅነቱ የጻፈውን ዓይነት ጌም ገንዘብ አውጥቶ የሚያሠራ ኩባንያ ጠፋ። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 2012 (እ.ኤ.አ.) ኪክስታርተር በተባለ የመዋጮ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ለመነ። የጠየቀው 400,000 ዶላር ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን አለፈ። በአንድ ወር ገደማ 87,142 ሰዎች 3.3 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። ለአዋጮቹም ጌሙ ያለ ቁልፍ እንደሚሰጣቸው ቃል ገባላቸው። በካርቶን ክብ የተቆለፈ ጌም ሲጽፍ የጀመረው ሰው፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በሩን ከፍቶ ሰጠ።

በሚቀጥለው ወር የዚያ የመጀመሪያው ዌስትላንድ አዘጋጅ ብራያን ፋርጎ ተከተለ። ለሁለተኛው ዌስትላንድ 900,000 ዶላር ጠይቆ ከ61,000 በላይ ሰዎች 2.9 ሚሊዮን ሰጡት። እርሱም ያለ ቁልፍ ለመልቀቅ ቃል ገባ፤ ጌሙም በ2014 ወጣ።

መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁብና ዕድር ያሳደገን ሕዝብ ነን፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለህዳሴ ግድብ ቦንድ ያልገዛ፣ ያላዋጣ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የኪክስታርተሩ መዋጮ ግን እንደ ቦንድ ወለድ የለውም፤ ከትርፉም ድርሻ አይገኝበትም። ሰው የሚሰጠው ያላየውን ነገር እንዲሠሩለት አምኖ ነው። ያለ ቁልፍ የመልቀቁ ምክንያትም እዚህ ጋር ይገለጣል። ገና ሳይሠራ አምኖህ ገንዘቡን የሰጠህን ሰው፣ ሠርተህ ስትጨርስ እንደ ሌባ በሩ ላይ ልትፈትሸው አትችልም። እምነት መጀመሪያ ከሰጪው መጣ፤ ቁልፉን መተው የዚያ እምነት ምላሽ ነው።

እምነቱ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። የሼፈር ገንዘብ ከታሰበው በላይ በመሰፋቱ ሥራው መሐል ላይ አለቀ። ጌሙን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን ግማሽ በ2014፣ ሁለተኛውን በ2015 አወጣ፤ መጀመሪያ ቃል የገባው ግን በ2012 ሊያደርስ ነበር። ደግነቱ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ የፊልም ባለሙያዎች ይቀርጹት ስለነበር አዋጮቹ ጥፋቱንም ጭምር በዓይናቸው ያዩ ነበር። ኤሊት ዴንጀረስ የተባለው ሌላ የመዋጮ ጌም ደግሞ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ይቻላል ብሎ ቃል ከገባ በኋላ፣ ሊወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረው በኖቬምበር 2014 ቃሉን አጠፈ፤ ብዙዎችም ገንዘባችን ይመለስ አሉ።

ለእኛ

መጽሐፍ ቅዱሳችን ሁለቱንም ያውቃል። በኦሪት ዘጸአት ለማደሪያው ድንኳን ሕዝቡ ከሚበቃው በላይ ስላመጣ ሙሴ «ይብቃ» ብሎ ማስቆም ነበረበት። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳያማው የታመኑ ወንድሞችን ጨመረ። ዘዳግም 23 ደግሞ ስለ ባልንጀራ የወይን ቦታ ይናገራል። ገብተህ እስክትጠግብ ብላ፤ በዕቃህ ግን ይዘህ አትውጣ። እሸቱን በእጅህ ቀጥፍ፤ ማጭድ ግን አታንሣ። በዚያ ሕግ ውስጥ አጥር አልተጠቀሰም። የተከፈተው በር ለመንገደኛው ነው፤ ወሰኑ ያለው ግን በገቢው ልብ ውስጥ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በደርግ ዘመን ወላጆቻችን የመዝሙር ካሴት ከቤት ወደ ቤት እየገለበጡ አይደል ወንጌል ያስፋፉት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያኖች ሲዘጉ ያ ካሴት ስንቱን አጽንቷል። ነገር ግን ዘማሪዎቹ ራሳቸው እንዲዳረስ የፈለጉት ነበር፤ የገለበጠውም ሰው አደጋውን ተሸክሞ እንጂ ሸጦበት አልነበረም። ከዚያም በፊት ቁም ጸሐፊዎች የብራና መጽሐፍ ለወራት ተቀምጠው ይገለብጡ ነበር፤ ድካማቸውም ይከበር ነበር። በብዙ ብራናዎች ላይ የምናገኘው ውግዘት የሰረቀውንና የፋቀውን እንጂ ቁጭ ብሎ የገለበጠውን አይመለከትም። መገልበጥ በራሱ ክፉ አይደለም። የሰጪው ፈቃድ ያለበት መገልበጥ ስጦታ ነው፤ ፈቃዱ የሌለበት ግን ማጭድ ነው።

በአገራችን ሕግም ቢሆን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር አብሮ ይጠብቃል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ የቅኔ ጌምስ ልጆች ኩኩሉን ሠርተው አሳይተውናል። ነገ ከእናንተ መካከል አንዱ ጌም ይሠራ ይሆናል። እዚያው ሱቅ ሲጫን ሲያይ ምን ይሰማዋል?

«ኦሪጅናል ለመግዛት የውጭ ካርድ የለንም» ትሉኛላችሁ፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ የማልችለውን አልጠየቅኋችሁም። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከኮምፒውተሬ ላይ ያስጫንኳቸውን አጠፋሁ፤ በነጻ የተሰጡትን ብቻ ተውኩ። ከዚያ ወደዚያ ሱቅ ተመልሼ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቀ። ፊልም መጫኑንም አልተወም።

አሁን ኅብረታችን ሁለተኛ አልበም እያዘጋጀ ነው። ብዙ ተከራከርን። በመዝሙር የሚተዳደር ዘማሪ ሥራውን ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ማንም «ለጌታ ነው» እያለ እንጀራውን ሊቀማው አይገባም። እኛ ግን ሌላ ሥራ ያለን ሰዎች ስለሆንን ተስማማን። ወጪውን በሙሉ አስቀድመን እናዋጣለን፤ ሒሳቡን ሦስት ሰዎች ይይዙታል፤ በየወሩም በኅብረቱ ፊት ይነበባል። አልበሙ ሲወጣ «ገልብጡ፣ ስጡ፣ አትሽጡ» ብለን እንለቀዋለን። የመጀመሪያውን ፍላሽ የምወስደው ለዚያ ልጅ ነው።

እንደተባለው ያደርግ ይሆን? አላውቅም። አጥር የሌለው የወይን ቦታ ያለው ሰውም ማታ ሲተኛ አያውቅም ነበር።

እስቲ በኅብረታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁንና ፍላሻችሁን አውጡ። ከያዛችሁት ውስጥ የተሰጣችሁ የትኛው ነው? የወሰዳችሁትስ?