መንጠቆ፣ መረብና የሐዋሳ ሐይቅ

ሐዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዘመኑ በዓለም ዙሪያ የጥጥ መረብ ለናይለን ስፍራውን የሚለቅበት ነበር። የጥጥ መረብ ሳይደርቅ ከቆየ ስለሚበሰብስ ዓሣ አጥማጁን በግድ ያሳርፈው ነበር። ናይለን ግን ዕረፍት አይሻም፤ ውኃ ውስጥ ጠፍቶ ቢቀር እንኳ ማጥመዱን አያቆምም።

90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ወዳለው የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የጎደለውን ቆሮሶ የሚተካው ያው የሐይቁ ልጅ ነው። በመንጠቆ የተያዘ ጫጩት ዓሣ በሕይወት ሊመለስ ይችላል፤ በመረብ የሚያዘው ግን ዕጣው የሚቆረጠው ገና የመረቡ ዓይን ሲሠራ ነው።

የዓሣ ሀብት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁንና የአሞራ ገደል ገበያ የነገ ሲሳይ የሚለካው በመረቡ ዓይን ስፋትና በአጥማጁ ኅሊና ነው።