በሣር ላይ የተሰየመ ችሎት

በአገራችን በቀደመው ዘመን፣ በአንድ ቀበሌ ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አጥፊው ሲሰወር፣ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲከት እየተደረገ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበረ። ያየ ያየውን፣ የሰማም የሰማውን ሳያወጣ ወደ ሥራው አይመለስም፤ አጥፊው ያልታወቀ እንደ ሆነ ዕዳው በአገሬው ሁሉ ላይ ይወድቃል። አንባብያንን ወደዚህ የመለስናቸው አሮጌውን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም። በእኛው ዘመን አንድ የአፍሪካ ሕዝብ፣ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የዳኝነት ልማድ ይዞ፣ የሰው ልጅ ከፈጸማቸው ወንጀሎች እጅግ የከፋውን ለመዳኘት ስለ ተነሣ ነው። ሕዝቡ የሩዋንዳ ሕዝብ ነው፤ ችሎቱም ጋቻቻ ይባላል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በ1994 ዓ. ም. ከአፕሪል እስከ ጁላይ በነበሩት መቶ ያህል ቀናት በሩዋንዳ የተገደለው ሰው፣ አብዛኛው ከቱትሲ ወገን ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800,000 ያህል፣ የአገሩ መንግሥት እንደሚለው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። አንገድልም ያሉ ሁቱዎችም ከሟቾቹ መካከል ይገኛሉ። ነገሩን ከሌላው እልቂት የሚለየው ግን የቍጥሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነበረ፤ ከአንድ ምንጭ ውሃ የሚቀዳ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ አንዳንዴም አበ ልጅ። ስለዚህ እልቂቱ ካበቃ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ወሰን ለይተው ሊኖሩ አልተቻላቸውም። የሟች ሚስትና የገዳይ ሚስት በዚያው ኮረብታ ላይ፣ ማሳቸው እንደ ተያያዘ ቀሩ።

አዲሱ መንግሥት በመጀመሪያ የያዘው የተለመደውን የሕግ መንገድ ነበረ። በ1996 ዓ. ም. ወንጀሉን በየደረጃው የሚለይ ሕግ ወጣ፤ በአፕሪል 1998 ዓ. ም. 22 ሰዎች በሞት ተቀጡ። ነገር ግን ከዳኞቹና ከጠበቆቹ የሚበዙት ተገድለው ወይም ተሰደው ስለ ነበረ፣ በየወኅኒ ቤቱ የታጐረው እስረኛ ከ120,000 በላይ ሲደርስ ፍርድ ቤቶቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊያዩ የቻሉት የጥቂት ሺህ ሰዎችን ጉዳይ ብቻ ሆነ። በዚሁ አካሄድ ሁሉን ለመጨረስ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ተሰላ። በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ታላላቆቹን አጥፊዎች ለፍርድ ማቅረቡ የሚያስመሰግነው ነው፤ ሆኖም በ2015 ዓ. ም. እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ የከሰሳቸው ሰዎች 93 ነበሩ፤ ችሎቱም ከኮረብታው ሰው ዓይንና ጆሮ እጅግ የራቀ ነበረ።

ጋቻቻ የሚለው ስም ከሣር የመጣ ነው። በጥንቱ ልማድ ሽማግሎች በሣር ላይ ተቀምጠው የወሰን፣ የከብት፣ የጋብቻና የውርስ ጠብ ያበርዱ ነበረ፤ በፍጻሜውም ባለጋራዎቹ አብረው ይጠጡ ነበረ። ነፍስ የጠፋበት ነገር ግን የእነርሱ ድርሻ አልነበረም። መንግሥቱ በ2001 ዓ. ም. ባወጣው ሕግ ይህን የእርቅ ጉባኤ የመፍረድና የማሰር ሥልጣን ሰጠው። በዚያው ዓመት ሕዝቡ 250,000 ያህል ዳኞች መረጠ። ስማቸው ኢንያንጋሙጋዮ ነው፤ ነውርን የሚጠሉ እንደ ማለት ነው። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ደመወዝም አልነበራቸውም። ሥራው በ2002 ዓ. ም. በሙከራ ተጀምሮ በጁን 2012 ዓ. ም. ሲዘጋ፣ 12,000 ያህል ችሎቶች 1.9 ሚሊዮን ገደማ ጉዳዮች አይተው ነበረ።

የሥርዓቱ ልብ ኑዛዜ ነው። የተከሰሰው ሰው ያደረገውን ከነዝርዝሩ እንዲናገር፣ ግብረ አበሮቹን እንዲጠራ፣ የሟቾቹ ሬሳ የወደቀበትን እንዲያሳይና በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንዲለምን ሕጉ ያዝዘዋል። ይህን የፈጸመ ቅጣቱ ይቀነስለታል፤ ከእስራቱም ከፊሉን ከወኅኒ ቤት ውጭ በሥራ ይጨርሳል። በአውጫጭኝ ጊዜ የሰው ስም በግልጽ እንዳይጠራ ወሬው በወፍ ስም ይወጣ ነበረ፤ በጋቻቻ ግን ከሳሽም ተከሳሽም ተነሥቶ ፊት ለፊት ይናገራል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በመደበኛው ፍርድ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ልጇ በየትኛው ጕድጓድ እንደ ተጣለ ለአንዲት እናት የሚነግራት ባልኖረ ነበር፤ ጠበቃ የቆመለት ተከሳሽ ዝም ማለት ይበጀዋልና። በጋቻቻ ምክንያት ብዙ አጥንት ከመጸዳጃ ጕድጓድና ከረግረግ ወጥቶ በወግ ተቀብሯል። ስለ ጋቻቻ የሚነቀፈውን ሁሉ ከሰማን በኋላ እንኳ ይህን ነገር አሳንሰን ልናየው አንችልም።

የሚነቀፈውም ብዙ ነው። ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም፤ በጎረቤቱ መሬት የተመኘ ሰው በሐሰት የሚከስበት ጊዜ ነበረ፤ በእውነት የመሰከሩ ሰዎችም በበቀል ተገድለዋል። በድል አድራጊው ሠራዊት እጅ የሞቱባቸው ቤተ ሰቦች ደግሞ ጉዳያቸውን ወደ ሣሩ ማምጣት አልተፈቀደላቸውም፤ የ2004ቱ ሕግ ዳኝነቱን በዘር ማጥፋቱ ወንጀል ብቻ ወስኖታልና። ሁሉም እንዲናገር የተጠራበት ጉባኤ ለአንዳንዱ ኀዘን ጆሮ አልነበረውም ማለት ነው።

እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደን የካሣው ነገር ነው። በአገራችን የደም እርቅ ሽማግሎቹ ገዳይን ሲያስታርቁ ካሣው ወደ ሟች ወገን ይሄዳል፤ የሚካሰው የተበደለው ነው። በሩዋንዳ የተናዘዘው ገዳይ በጉልበቱ መንገድ ጠረገ፣ እርከን ሠራ፣ ድንጋይ ፈለጠ፤ ከላቡ አብዛኛው ለመንግሥት ሆነ። የተዘረፈ ንብረት እንዲመለስ ተፈርዶ ነበረ፤ ዘራፊው ግን ብዙ ጊዜ ከተዘረፈው የማይሻል ድኻ ነበረና የሚከፍለው አላገኘም። ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የሚከፍል ገንዘብ ለማቋቋም የታሰበው ሕግ ሳይጸድቅ ቀረ። ለችግረኞቹ በ1998 ዓ. ም. የተቋቋመው የመንግሥት መርጃ ለትምህርትና ለሕክምና እየከፈለ፣ ቤትም እየሠራ ረድቷቸዋል፤ ነገር ግን እርዳታና ካሣ አንድ አይደሉም። ካሣ በደል መፈጸሙን ያምናል፤ እርዳታ ድኽነትን ብቻ ያያል። ይቅር በይ እየተባለች በየሳምንቱ በሣሩ ላይ የተቀመጠችው መበለት ከሁሉ የበለጠውን ዋጋ ከፍላ፣ ከሁሉ ያነሰውን ይዛ ወደ ቤቷ ገብታለች።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአፕሪል 2024 ዓ. ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ በውስጡም ለባህላዊ ዳኝነት ቦታ ተሰጥቶታል። ሽማግሌን የመንግሥት ዳኛ ስናደርገው እርቁ እንደ እርቅ ይቀር እንደ ሆነ፣ ካሣውንም ማን ተቀባይ እንደሚሆን፣ በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩት ሰዎች አስቀድመው ቢመረምሩት እንወዳለን።

በ2018 ዓ. ም.፣ ችሎቶቹ ከተዘጉ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኪጋሊ ከተማ ጠርዝ ካቡጋ በተባለ ስፍራ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በላዩ ቤት ተሠርቶ ሰው ይኖርበት ነበረ። ቤቶቹ እየፈረሱ ቁፋሮው ለወራት ቀጠለ፤ ጨርቅና ጫማ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ የጠፋባቸው ሰዎች እየመጡ የዘመዳቸውን ልብስ ይፈልጉ ጀመር። በሚከተለው ዓመት በሜይ ወር ከ80,000 የሚበልጡ ሟቾች አጽም በኒያንዛ መታሰቢያ አረፈ። የዚያም ቀበሌ ሰዎች እንደ ሌላው ሁሉ በጋቻቻ ተቀምጠው ነበረ።